ከአምስት ሦስት፣ ከአምስት አራት

የካቲት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ያወጣሁት የትምህርት ዕቅድ ልጽፍበት ነበር። ዕቅዱን ርዕሰ መምህሯ ዛሬ ጠዋት በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሱት። እንግዲህ ደብተሩ ለብሶቴ ይሁን።

«ሰባተኛ ሐን ትይዣለሽ» አሉኝ። የአጋማሽ ዓመቱ የሒሳብ ውጤት ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ ወድቋል። ሲያስተምራቸው የነበረው መምህር ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ለምን እኔን እንደመረጡ ብጠይቃቸው፣ ባለፈው ወር ስልጠና የላክሁሽ ምሳ በልተሽ እንድትመለሺ አይደለም አሉ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከስልጠናው ስመለስ አፌን ሰብስቤ መቀመጥ ሲገባኝ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ለሰማውም ላልሰማውም ስሰብክ ከረምኩ። ምዘና ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ልጁ ገና እየተማረ ሳለ የት እንደደረሰ አይቶ ለማቃናት፣ ሌላው በመጨረሻ ምን ያህል እንደያዘ ለመለካት፤ እኛ የምናውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው፣ እያልኩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ፤ ያዝኩት።

ጋሼም ቢሮው ውስጥ ነበሩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ሰባተኛ ለን ያስተምራሉ፤ ልጄ ሚጡም እሳቸው ጋ ነች። እኔንም በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ድረስ ሲገቡ ከወንበሬ እነሳለሁ። የሚነሳው እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«ልጄ፣ ፈተና መስታወት ነው» አሉኝ። «ፊትን አያሳምርም፣ አያበላሽምም። ያሳያል።»

መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው፦ ታዲያ ጋሼ፣ መስታወት የሚታየው ሰርግ ሲሄዱ ነው ወይስ ሲመለሱ? ጥሩ ጥሩ መልሶቼ ሁሉ ፌርማታ ላይ ነው የሚጠብቁኝ።

ስምምነቱ ይኸው ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ድረስ እንደመሰለኝ አስተምራለሁ፤ እንደ ሌሎቹ ክፍሎች የዓርብ ፈተና አይኖርም። ለውጥ ካልታየ ክፍሉ ወደ ጋሼ፣ እኔ ወደ አራተኛ ክፍል። አራተኛ ክፍል መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ሐ ክፍል ገባሁ። ወንበሩ ሁሉ ወደ ኋላ የተገፋ ይመስላል፤ ሁሉም ከሰሌዳው መራቅ የሚፈልግ። የዓርብ ፈተና እንደሌለ ስነግራቸው ደስታ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ጥርጣሬ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ እጁን አወጣ። ግማሽ ነጥብ ለማስመለስ ግማሽ ቀን ይከራከራል ብለው መምህራን «ጠበቃው» ይሉታል።

«ቲቸር፣ ታዲያ ከስንት ነው የሚያዘው?»

ከምንም አይያዝም አልኩት። ከምንም ካልተያዘ ለምን እንሠራዋለን አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ሊወጡ ሲሉ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁ። መውጫ ወረቀት አልኩት። አንድ ጥያቄ፤ ነጥብ የለውም፤ ሠርተው በር ላይ ይሰጡኛል። ማታ የራት ጠረጴዛው ላይ በሦስት ክምር ደረደርኳቸው፦ የገባቸው፣ መንገድ ላይ ያሉ፣ የጠፉ። ሦስተኛው ክምር ተራራ ሆነ። ባለቤቴ ሳህኑን ይዞ ቆሞ፣ «እኔ የት ክምር ላይ ልቀመጥ?» አለኝ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለሚጭን ማታ በትንሽ ቦታ መደራደር ያውቅበታል።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

በእረፍት ሰዓት። በጥድፊያ። የትናንቱን ወረቀት ሳላይ የዛሬውን ትምህርት ብቀጥል ኖሮ አርባ ልጅ ገደል ውስጥ ይዤ እገባ ነበር። ወደ ኋላ ተመለስኩ። ገና የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ ነን። ዕቅዱ የት ይደርሳል? ደወል።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ባለቤቴ ዛሬ ዝም ብሎ ገባ። ካልሲውን ሲያወልቅ ነው የነገረኝ። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሁለት እናቶች ተቀምጠው ስለ አንዲት አስተማሪ ያወራሉ። ነጥብ አትሰጥም፤ ማረም ስለሚደክማት ነው፤ ወረቀት ላይ «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አልሽ?» ብላ ጽፋ ትመልሳለች፤ እሱማ እኛ ብንጠይቃት ነው እንጂ እሷ ልጁን ምን ትጠይቀዋለች። አስተማሪዋ ሚስቱ መሆኗን አልነገራቸውም። ሲወርዱ ግን ፍሬኑን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። «ትንሽ ነው» አለኝ፤ «መያዣውን ይዘው ነበር።»

ስቄ ስቄ ሞትኩ። ከዚያ ደግሞ አልሳቅሁም። ማረም ይደክመኛል? ድሮ የክፍሉን ሁሉ ወረቀት ቁጭ ባልኩበት አርሜ እነሳ ነበር። አሁን በአንድ ልጅ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ለመጻፍ ስንት ሰዓት እየፈጀሁ ነው።

ጋሼ ምን እያሉ ይሆን? ግድ የለኝም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

«ረጅሟ» እንላታለን፤ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት ትበልጣለች፤ ሰባተኛን እየደገመች ነው። አምና ጋሼ ጋ ነበረች። የመውጫ ወረቀቷ በየቀኑ ባዶ ይመጣል። ስሟን በሚያምር ጽሑፍ ትጽፍና ትሰጠኛለች፤ እንደ ሰላምታ ካርድ።

ዛሬ አባቷን በር ላይ አገኘኋቸው። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ ዱቄት አለ። ዘንድሮ ካለፈች አለፈች፣ ካልሆነ መጋገሪያው ቤት መስኮት ላይ ትቁምልኝ ብለው ወስነዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። «እህቴ፣ ልጄን በየዓመቱ ለምን አሳፍራታለሁ?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ ተለየኋቸው። መስማማቴ ይሁን አለመስማማቴ ለራሴም አልገባኝም።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ይህን በደንብ ልጻፈው፤ ልረሳው አልፈልግም።

ረጅሟ ዛሬ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። 3/5 እና 4/5 ሲደመሩ 7/10 ብላ። ደስታዬ ሌላ ነው፤ ስህተት ነው፤ ግን ስህተት ቢያንስ አድራሻ አለው። ባዶ ወረቀት አድራሻ የለውም። ሁሉም ሲወጡ እንድትቀር ጠየቅኋት። ፊቷ ጠቆረ፤ ልቀጣት መስሏታል። እኔ ግን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዴት አወቅሽ?

ትንሽ አመነታችና ከቦርሳዋ የአምና የውጤት ወረቀቷን አወጣች። ለምን ይዛው እንደምትዞር እንጃ። በጣቷ አሳየችኝ። ፈተና አንድ፣ ከአምስት ሦስት። ፈተና ሁለት፣ ከአምስት አራት። ድምር፣ ከአስር ሰባት።

«እናንተ እንዲህ ነው የምትደምሩት» አለችኝ በጣም በቀስታ።

እውነቷን ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወረቀቱ፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በቀይ ቀለም፣ በማኅተም፣ እንዲህ ነው የምንደምረው። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህን ስትሠራ ኤክስ እናደርግባታለን። አምና አንድ ሰው «እንዴት አወቅሽ?» ቢላት ኖሮ እዚህ አትደግምም ነበር። እኔ አምና ማንን ጠይቄ ነበር? ማንንም።

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቅ ያዘኝ። እሷም ግራ ገብቷት ሳቀች። ስቃ አይቻት አላውቅም ነበር። ነገ ይህን ለክፍሉ እንድታሳይ ፈቃዷን ጠየቅኩ። አሰበችበትና፣ «ስህተት መሆኑን አይናገሩ፤ እነሱ ይንገሩኝ» አለች።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ክርክሩ ከዓርብ ወደ ሰኞ፣ ከሰኞ ወደ ዛሬ አደረ። ጠበቃው 7/10 ልክ ነው ብሎ ተነሳ፤ ማስረጃው ማኅተም አለው። ሌሎቹ ሁለት ሆነው ተከፈሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከንፈሬን ነክሼ ዝም። አስተማሪ ዝም ማለት ምነኛ ይከብደዋል! ምላሴ ከጥርሴ ጋር ታገለ።

የፈታችው ራሷ ናት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዳቦ ሳለች። ከአንዱ ሦስት አምስተኛ፣ ከሌላው አራት አምስተኛ። እያንዳንዱ ከግማሽ ይበልጣል፤ ሁለት ከግማሽ የሚበልጥ ነገር ሲደመር እንዴት ከአንድ ዳቦ ያንሳል? ጠበቃው፣ ታዲያ የውጤት ወረቀቱ ዋሸ ወይ አለ። አልዋሸም አለች። የተናገረችውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«ፈተና ሲጨመር ጥያቄውም ይጨመራል፤ የሚካፈለው ነገር ይሰፋል። ዳቦው ግን ያው ዳቦ ነው፤ አይሰፋም።»

አንድ ዳቦ ከሁለት አምስተኛ። ጠበቃው «ይግባኝ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ እየጮኸ አጨበጨበ። ጎረቤት ክፍል ያለው የታሪክ መምህር በሩን አንኳክቶ ማን እንደሞተ ጠየቀ።

የመውጫ ወረቀት፦ ሦስተኛው ክምር ዛሬ ኮረብታ ሆኗል። ተራራነቱ ቀረ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ወላጆች ቢሮ መጡ። ብዙ ናቸው። ርዕሰ መምህሯ የሰባተኛ ክፍል ወላጆችን ሁሉ ስብሰባ ጠርተዋል፤ ቅዳሜ ሳምንት። «አንቺው አስረጃቸው» አሉኝ። ጋሼ በመተላለፊያው ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ወላጅ የሚያነበው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ካልሰጠሽው በምን ቋንቋ ታወሪዋለሽ አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው ነው። ያ ነው የሚያናድደው።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጠዋት ሚጡ ስታደምጠኝ አዛጋች፤ ቀደድኩት።

በንግግር ፋንታ ለወላጆቹ ጥያቄ ሰጠኋቸው። በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ መጀመሪያ በግማሽ ጨመረ፤ ከዚያ ካለው ሁሉ ግማሹ ፈሰሰ። አሁን ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው? በልጆቻቸው ወንበር ላይ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ ተጣጥፈው ሠሩ። ወረቀቱን ሰበሰብኩና በችኮላ አረምኩት። በግራ ለተቀመጡት ከአስር ቁጥር ብቻ ሰጠሁ። በቀኝ ላሉት ቁጥር የለም፤ አንድ መስመር ብቻ፦ «ሁለተኛው ግማሽ የምኑ ግማሽ ነው? በርሜሉን ይሳሉና ድጋሚ ይዩት።»

ከዚያ ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ። ግራዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎ የጎረቤታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪስ ውስጥ። አንዲት እናት ዘጠኝ አግኝታ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ቀኝ በኩል እስክሪብቶ ፍለጋ ሆነ። ሁለት ሰዎች በርሜል ስለው ተጨቃጨቁ። ዳቦ ጋጋሪው፣ «አሃ፣ የሚፈሰውማ የጨመረውም ጭምር ነው!» ብለው ለማያውቁት ሰው አስረዱ።

ከአፍታ በኋላ ተነስቼ፣ ከግራ በኩል ጥያቄውን እንደገና የሞከረ አለ ወይ አልኩ። ማንም። ምክንያቱን መናገር አላስፈለገኝም፤ አንዱ ከግራ፣ «ለእኛም ያንን መስመር ጻፊልን እንጂ» አለ።

ጋሼ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ፊታቸውን አላየሁም። አላየሁም ስል ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ባለቤቴም የሚጡ አባት ሆኖ መጥቶ ግራ ተቀምጦ ነበር። አራት ሰጠሁት። ማታ ድረስ አኩርፏል። «በባልሽ ላይ?» ይላል። በርሜሉን ሳል አልኩት። ሳለው፤ ገባው፤ አሁን ደግሞ ስድስቱን አምጪ ብሎ ይከራከረኛል።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ሐሙስ ማታ ቤታችን ይከብዳል። ነገ ጋሼ ጋ የዓርብ ፈተና ስላለ ሚጡ ሆዷን ያማታል። ባለፈው ሳምንት ከአስር ዘጠኝ አመጣች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ዛሬ ከዚያ ፈተና አንዱን ጥያቄ አንስቼ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እንደዚያ ስለሚደረግ ነዋ» አለችኝና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አቀፍኳት። ዘጠኝ ያመጣች ልጄን ነው ያባበልኩት። ለጋሼ መንገር አለብኝ? የኃላፊዬን የማስተማር ዘዴ በልጄ ሆድ ቁርጠት ልከስ? ነገ።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ግን የደስ ደስ ያለው ቀን ነበር። ጎነ ሦስት ጀመርን። ለእያንዳንዱ ቡድን በተለያየ ርዝመት የተቆረጡ የለስላሳ መምጠጫዎች ሰጥቼ፣ በፈለጋችሁት ሦስት ጎነ ሦስት ሥሩ አልኩ። አንዳንዱ ገጠመ፤ አንዳንዱ አልገጥም አለ። አልገጥም ሲላቸው መምጠጫው የተበላሸ መስሏቸው ሊቀይሩ መጡ። ረጅሟ፣ «ሁለቱ አጫጭሮች ተደጋግፈው ረጅሙን ካልተሻገሩት ይወድቃሉ» አለች። ተሳሳቅን፤ ተደወለ፤ ወደ ሌላ አለፍን።

ጋሼ በመስኮት በኩል ቆመው ሲያዩ ነበር። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ነው።

ማታ ባለቤቴ ከአውቶቡሱ ወሬ አመጣ። ያችው የዚያን ዕለቷ እናት፣ ልጇ ራት ላይ «እንዴት አወቅሽ?» እያለ ቁም ስቅሏን እንዳሳያት ለመንገደኛው ሁሉ ስታማርር ነበር። እያማረረች ትስቃለች አለኝ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

አበላሸሁት።

የመጨረሻው ፈተና ቀረበ፤ ፍርሃት ያዘኝ። ርዕሰ መምህሯ በመተላለፊያው «እንዴት ነን?» ሲሉኝ ደህና ነን ብዬ ክፍል ገባሁና፣ ሳላስብ ድንገተኛ ፈተና ሰጠሁ። በሰዓት፣ በነጥብ፣ በቀይ። የሦስት ወር ሥራዬን በአንድ ክፍለ ጊዜ ናድኩት። የጠበቃው ድምፅ ጠፋ። የረጅሟ ወረቀት ባዶ መጣ፤ ስሟ በሚያምር ጽሑፍ።

ለማን ብዬ ነው? ለልጆቹ አይደለም። አራተኛ ክፍል ፈርቼም አይደለም። «አየሁት፤ ጥሩ ነው» የሚል አንድ ቃል ከአንድ ሰው አፍ… እንቅልፌ መጣ።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ባለፈው ዓርብ ወረቀቶቹን ነጥቡን ሳልናገር መለስኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እኔ ፈርቼ እናንተን አስፈራራሁ አልኩ። ጠበቃው እጁን አወጣ፦ የፈሩ እንደሆነ ለምን መውጫ ወረቀት አልጻፉም? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የፈተና ፍርሃትም መማር የሚቻል ነገር መሆኑ ያኔ ገባኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሰዓት ይዘን እየተለማመድን ነው፤ ሲጨርሱ ወረቀቱን ራሳቸው አርመው የት እንደተደናቀፉ ይነግሩኛል። ነጥቡን እኔ አላይም። ረጅሟ የምትደናቀፍበትን አገኘችው፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ከከበዳት የቀሩትን አታነብም። አሁን ከመጨረሻው ገጽ ትጀምራለች።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ፈተናው ዛሬ ነበር። ጥያቄውን ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ ሁሉም የሰባተኛ ክፍል አንድ ዓይነት ነው። እኔ የራሴ ክፍል ፈተና ጠባቂ ነበርኩ። ልጆቹ ሲሠሩ እኔም ኋላ ቁጭ ብዬ በቁራጭ ወረቀት ሠራሁት። ቆንጆ ፈተና፤ ሙሉውን ጨረስኩ።

ጠበቃው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጎነ ሦስቱ ልክ አይደለም።» መናገር ክልክል ነው፤ የታየህን ጻፍ አልኩት። ሌላ እጅ ወጣ፤ ሌላም። ጥያቄውን አየሁት፦ ጎኖቹ 4፣ 5 እና 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት ዙሪያው ስንት ነው?

እኔ ወረቀቴ ላይ 19 ብዬ አልፌያለሁ። አራትና አምስት ዘጠኝ፤ አሥሩን አይሻገሩም! መምጠጫውን ቆርጬ ያደልኩት እኔ፣ ሳላስብ ደምሬ አለፍኩ። ከመደንገጤ በላይ ሳቄ መጣ፤ አፌን በመሃረብ ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጆቹ የማለቅስ መሰላቸው።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

የምናርመው ተለዋውጠን ነው፤ እኔ የጋሼን ክፍል፣ እሳቸው የእኔን። ትናንት ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን አረምን። በእኔ በኩል 19፣ 19፣ 19፤ የሚጡም 19። በእሳቸው በኩል ቀዩ እስክሪብቶ ኤክስ፣ ኤክስ። ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ! የምን ፍርሃት ነው? የሰባተኛ ክፍል ልጅ አይደለሁም።

ዛሬ ጠዋት የረጅሟ ወረቀት እጃቸው ገባ። ከማዶ አየሁት። ረጅም መስመር ስላ፣ ከሁለቱ ጫፍ ሁለት አጫጭር መስመሮች አውጥታ፣ መሃል ላይ ሳይደራረሱ ቀርተዋል። ከሥሩ፦ «አይገጥሙም። እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም።» ጋሼ ኤክስ አደረጉ።

«ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ የማን እንደሆነ እንጃ። «እንዴት አወቀች ብለን ብንጠይቃትስ?»

ቀና አሉ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ወረቀቱን አቀረቡት። ከኮታቸው ኪስ ኮምፓሳቸውን አወጡ፤ አሥር ሳንቲ ሜትር አሰመሩ፤ ከአንዱ ጫፍ አራት፣ ከሌላው አምስት ዞሩ። ሁለቱ ቅስቶች ሳይነካኩ ተላለፉ። እንደገና ሞከሩ።

«በየዓመቱ አወጣዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቁጥሩን ነው የምቀያይረው። ማንም አልነገረኝም።»

«እኔም 19 ብያለሁ» አልኳቸው። ቁራጭ ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩት፤ አዩኝ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ይህን ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ያረሙትን ሁሉ ከላይ ጀመሩ። ኤክሱን እየሰረዙ፣ ከጎኑ ስማቸውን እየፈረሙ። 19 ላሉትም ነጥቡ ተሰጠ፤ የጥያቄው ጥፋት የእኔ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ክፍል በየተራ ዞረው ተናገሩ። የእኔ ክፍል በር ላይ ደግሞ፣ ይህን የጻፋችሁ ተነሱ ብለው፣ የተነሱትን አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጡ። ረጅሟን ሲጨብጡ ቀና ብለው ነው ያዩአት፤ በቁመት ትበልጣቸዋለች።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ውጤት። አንደኛ አልወጣንም፤ ለ ክፍል ይበልጠናል። ጥቂቶች ወድቀዋል፤ የእነሱ ስም ከራሴ አይወጣም፤ ክረምት ላይ አብሬያቸው ተቀምጬ አስጠናቸዋለሁ ብዬ ለወላጆቻቸው ቃል ገብቻለሁ። የቀሩት ግን አልፈዋል። ረጅሟ በጠባቡ አልፋለች፤ በዚያችው ጎነ ሦስት። ርዕሰ መምህሯ ወረቀቱን እያገላበጡ፣ አራተኛ ክፍል ሌላ ሰው ይፈለጋል አሉ። ይኸው ነው የምሥራቹ፤ እሳቸው ከዚህ በላይ አያቆላምጡም።

ዳቦ ጋጋሪው ትሪ ሙሉ ትኩስ ዳቦ ይዘው መምህራን ክፍል ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ ቀረ። የታሪክ መምህሩ ሦስት አምስተኛውን ብቻውን በላው።

ቤት ስገባ ሚጡ መምጠጫ ቆርጣ ወለሉ ላይ ዘርግታለች። አባቷ ከጎኗ በሆዱ ተኝቶ፣ «እሺ፣ እንዴት አወቅሽ?» ይላታል። አራት ያመጣው ሰውዬ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ጋሼ ገቡ። ተነሳሁ። ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። እሳቸውም አልተቀመጡም። የኮታቸውን ቁልፍ እየነካኩ ትንሽ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ፦

«ልጅሽ ሐሙስ ሐሙስ ሆዷን እንደሚያማት ነግራኛለች» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እኔ ወራት ሙሉ ያልደፈርኩትን ሚጡ ቆማ ነግራቸዋለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«መስከረም ስንመለስ» አሉ፤ «የመጀመሪያው ክፍሌ ላይ ኋላ ወንበር ቁጭ በይልኝ። ልጆቹን እያየሽ፣ እኔ ሳላይ የማልፈውን ንገሪኝ።» ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ነጥብ ግን እንዳትሰጪኝ።»

እሺ ጋሼ አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ ተቀመጥኩ፤ ብዙ ሰዓት፤ ብቻዬን፤ እየሳቅሁ። ጥበቃው ክፍሉን ሊቆልፍ መጥቶ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ።